ኮሮና ሄደ፣ ድካሙ ለምን ቀረ?

«ኮሮና ካለቀ ስንት ዘመኑ! ሐኪሞቹና ነርሶቹ እስካሁን ፊታቸው የማይፈታው ምን ሆነው ነው?» የሚል ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ካርድ አውጥቶ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ኮስተር ያለ ፊት የገጠመው ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ግን «ድሮም እንዲሁ ናቸው» ከሚለው ይረዝማል።

በአጭሩ ልንገራችሁና ከዚያ ዘርዘር ላድርገው። ቫይረሱ ጤና ሠራተኛውን የጎዳው በሳንባው በኩል ብቻ አይደለም። ሰው ሲደክመው የሚያርፍባቸውን ነገሮች ነው የወሰደበት። ወሎ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ይታወቃሉ፤ ቡናው፣ ጎረቤቱ፣ ቅሬው (የሌላ አገር ሰው እድር የሚለው)፣ ዱዓውና ጸሎቱ ናቸው። እነሱ በቅጡ ሳይመለሱ ደግሞ ጦርነት መጣ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ጤና ሠራተኛ ስንል ሐኪምና ነርስ ብቻ አይደለም። የኮሮና ታማሚ የተኛበትን ክፍል ወለል የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ አለች። አንሶላ የምታጥበው፣ በር ላይ ሙቀት የሚለካው ጥበቃ፣ የአምቡላንሱ ሹፌር፣ የላቦራቶሪው ልጅ፣ የካርድ ክፍሏ አሉ። ወረኢሉና ተንታ ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች እጅ ታጠቡ፣ ራቅ ራቅ በሉ ስትል የከረመችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለች። በዓለም ደረጃ ከጤና ሠራተኛው 70 በመቶ ገደማው ሴት ነው። ይህ ማለት አብዛኛው ሰው ከዲዩቲ ወጥቶ ሌላ ዲዩቲ ይገባል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እንጀራ አለ፣ አማት አለች።

አሁን ወደ ነገሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4፣ 2012 ዓ.ም. ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ለወሎ ስጋቱ የሚመጣው በሁለት በኩል ነበር። አንደኛው መንገዱ ነው፤ ከጅቡቲ ወደ እኛ የሚመጣው ከባድ መኪና በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል። ሁለተኛው የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ዓረብ አገር ሰው የሌለው የወሎ ቤት ጥቂት ነው። ከሳዑዲ የተመለሰችን ልጅ እናቷ ሳታቅፋት ለይቶ ማቆያ አስገብቶ አሥራ አራት ቀን ማስቀመጥ የማን ሥራ ሆነ? የጤና ሠራተኛው። እናትየውን በር ላይ የሚመልሳትም እሱ ነው።

ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ታማሚዎች ለይቶ ማከሚያ ሆነ። ቦሩ ሜዳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አዲስ አይደለም። ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መታከሚያ ሆኖ ነው የሚታወቀው። ሰው የሸሸውን ሰው የማስጠጋት ልምድ ያለው ግቢ ነው። በነገራችን ላይ፣ ያ ታሪክ ሁለት ፊት አለው። የሚሸሽ በሽታን የሚያክም ሰውም አብሮ እንደሚሸሽ እዚያ የሠሩ አንጋፋዎች ከሁላችንም ቀድመው ያውቁታል።

እና ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ያን ያህል አደገኛ የሆነው ለምንድን ነው? ቫይረሱ በትንፋሽ ነው የሚሄደው። ሰው ሲያስል ብቻ ሳይሆን ሲናገርና ሲተነፍስም በጣም ደቃቅ ጠብታ ይወጣዋል። ከባዱ ጠብታ ወዲያው መሬት ይወርዳል። ደቃቁ ግን አየር ላይ ይቆያል፤ መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይጠራቀማል። እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ይገባል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ በሽተኛው በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ነርሷ መስኮት ክፈቱ ብትል ማን ይሰማታል? አስታማሚው ተነስቶ ይዘጋዋል። እሷ ትከፍታለች። እሱ ይዘጋል። ሳይንሱ አየር ይግባ ይላል፤ የታማሚው እናት ደግሞ «ልጄን በብርድ ልትጨርሺብኝ ነው?» ትላለች። ሁለቱም ሐቅ አላቸው።

መከላከያው ማስክ ነበር። ሁሉም ማስክ ግን አንድ አይደለም። ሰማያዊው የቀዶ ሕክምና ማስክ ከለበሰው ሰው የሚወጣውን ያግዳል፤ በጎን በኩል ግን አየር ያስገባል። ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ግጥም ብሎ በአየር ላይ ካለው ደቃቅ ነገር ቢያንስ 95 በመቶውን ያጣራል። ችግሩ ማግኘቱ ነበር። ወረርሽኙ ሲጀምር የዓለም ጤና ድርጅት በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ማስክና 76 ሚሊዮን የምርመራ ጓንት ለዓለም ያስፈልጋል ብሎ አስልቶ ነበር። ሀብታሞቹ አገሮች ራሳቸው በኤርፖርት ላይ ሲነጣጠቁ የከረሙበትን ዕቃ እኛ በቀላሉ እናገኛለን ማለት ዘበት ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣለው ማስክ በብዙ ቦታ ለቀናት ተደረገ።

ሙሉ መከላከያ ልብሱ ሲገኝ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ብዙ ሰው ያልለበሰ ነው የሚጋለጠው ብሎ ያስባል። ለባለሙያው ግን ትልቁ አደጋ ሲያወልቅ ነው። ቫይረሱ ያለው ልብሱ ላይ ነውና። መጀመሪያ ጓንቱ ይወልቃል፣ የውጭው ገጽ ቆዳ ሳይነካ። ቀጥሎ ጋዋኑ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ ይወርዳል። እጅ ይጸዳል። መነጽሩ ወይም የፊት መከለያው ከኋላ በኩል ተይዞ ይነሳል። ማስኩ መጨረሻ ነው፤ ፊት ለፊቱን ሳይነኩ ከማሰሪያው ይዘው ያወልቁታል። እንደገና እጅ። ይህንን በሰከነ መንፈስ ማድረግ ቀላል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያደሩ፣ ላብ ዓይናቸው ውስጥ የገባ፣ ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ውሃ ያልጠጡ ሰዎች ናቸው ግን የሚያደርጉት። አፍንጫን የሚበላ ነገር የሚመጣውም ሁልጊዜ እዚያች ሰዓት ላይ ነው።

በ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፤ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ ገባ። ወሎ ውስጥ በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ድርብ በዓል ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፣ የክርስቲያኑ ዳቦ እስላም ቤት፣ የእስላሙ ማፍጠሪያ ክርስቲያን ቤት ይገባል። ያን ዓመት ግን ለይቶ ማከሚያ የገባ ባለሙያ ተራው አልቆ፣ ተለይቶ የሚቆይበትን ቀን ጨርሶ ነበር ቤቱ የሚመለሰው። በፕላስቲክ ልብስ ውስጥ ጾሞ ውሎ ለብቻው በቴምርና በውሃ ያፈጠረ ሰው ጀግና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ብቸኝነቱን ነው የማስበው።

ስንቶች ሞቱ? የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዓለም ላይ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በኮሮና ሞተዋል ብሎ ገምቷል፤ መካከለኛ ግምቱ 115,500 ነው። የግምቱ ስፋት ራሱ ይናገራል። ብዙ አገር የገዛ ሠራተኛውን ሞት በወጉ አልቆጠረም። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 500,000 የሚጠጋ ታማሚና ከ7,500 በላይ ሞት ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ግን የተመረመረው ብቻ ነው።

ክትባቱ የመጣው ዓመት ሞልቶ ነው። ኮቫክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚጠጋ የአስትራዜኔካ ዶዝ ገባ፤ መጋቢት 4፣ 2013 ዓ.ም. መከተብ ተጀመረ። ቅድሚያ ለጤና ሠራተኞች ነበር። ከእነሱም የፈሩ ነበሩ፤ ፌስቡክ ላይ የሚወራው ነርስም ቤት ይገባል። በሽተኛ ደግሞ «ሲስተር፣ አንቺስ ተከትበሻል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። መልሷ የብዙ ሰው ውሳኔ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ኦክስጅን።

ኮሮና የጸናበት ሰው ሳንባው ስለሚሞላ ከአየር ላይ በቂ ኦክስጅን መሳብ ያቅተዋል። ጣቱ ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይለካል። ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ ከባድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጤነኛው ሰው ራሱ ከጅቡቲ ሰው ዝቅ ካለ ቁጥር ነው የሚነሳው። ስለዚህ የታመመ ሰው ለመውረድ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

ኦክስጅን የሚገኘው ወይ ከሲሊንደር ወይ በመብራት ከሚሠራ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን ይለይና ኦክስጅኑን ይሰጣል፤ ብዙዎቹ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ሊትር ነው አቅማቸው። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሲሊንደሩ መብራት አይፈልግም፤ ግን ያልቃል። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ 6,800 ሊትር ገደማ ይይዛል። የጸናበት ሰው በደቂቃ 15 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። አካፍሉት፤ 453 ደቂቃ ነው። ሰባት ሰዓት ተኩል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተከፈተ ሲሊንደር ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ባዶ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ሲሊንደርም አልበቃም።

ተረኛዋ ነርስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰዓቷን አይታ፣ የሲሊንደሩን መርፌ አይታ፣ ሦስት አልጋ አይታ ሒሳብ ትሠራለች። የማንን ልቀንስ? ለማን ላዙር? ወጣቱ ይሻለዋል፤ ሽማግሌው ግን የአባቷ እኩያ ናቸው፤ «አይዞሽ ልጄ» ብለዋታል። ሐኪሙ ይመጣል፣ አብረው ይወስናሉ። ውሳኔው በሕክምና ሕግ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገ ቤቷ ስትሄድ ግን ትክክል ነበርን ብላ አትተኛም። ሽማግሌውን ነው የምታየው።

ባለሙያዎች ይህንን የኅሊና ጉዳት ይሉታል። ሐሳቡ የተነሳው ከጦርነት ነው። ጆናታን ሼይ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም፣ ሰዎቹን የሚያሰቃያቸው ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ አየ። ማድረግ የሌለባቸውን እንዲያደርጉ የተገደዱበት፣ ወይም ያመኑበት አለቃ የከዳቸው ነገር ነበር የሚያቃጥላቸው። ከድካም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የደከመ ሰው ቢተኛ ይሻለዋል። ኅሊናው የተጎዳ ሰው ሲተኛ ነው የሚብስበት። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን፣ ሲሊንደር ያነሰው እሷ ስላጎደለች እንዳልሆነ አእምሮዋ ያውቃል። ልቧ ግን ያንን አይሰማም።

እዚህ ላይ ነው የቡናው ነገር የሚመጣው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲከፋው የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ የሆድ ይወጣል። ማንም «ችግርሽን ተናገሪ» አይልም። ወሬው ራሱ እዚያ ይደርሳል። ምርቃቱ ሲወርድ አሜን ብሎ የተነሳ ሰው ትንሽ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ይህ እንደ ቀላል ነገር አይታይ።

አንዲት ነርስ ወዳጄ ሰፈሯ ውስጥ የሆነውን አጫውታኛለች። ቡና የሚጠራው ልጅ ነው፤ በር ለበር እየዞረ «እማዬ ቡና ኑ ብላለች» ይላል። እሷ ድምፁን ከሩቅ ነው የምታውቀው። ኮሮና በገባ ሰሞን አንድ ቀን ከዲዩቲ መጥታ በር ላይ ጫማዋን በበረኪና እያጠበች ነበር። ልጁ መጣ። የግራውን በር አንኳኳ። የእሷን አለፈ። የቀኙን አንኳኳ። ዞር ብሎ አይቷት በኀፍረት ሳቅ አለ። በማግስቱ የልጁ እናት በአጥር በኩል «የኔ ዓለም፣ አትቀየሚን፣ አሮጊቷ አሉብን እኮ» አለቻት። «ኧረ እኔም አልመጣም ነበር፣ ደግ አደረግሽ» አለች እሷም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልጆቿንም ሐይቅ ከተማ እናቷ ዘንድ ልካቸው ነበር፤ በስልክ ነው የምታወራቸው።

ማግለል ስንል ሁልጊዜ ድንጋይ መወርወር አይደለም። በብዙ አገር ጤና ሠራተኞች ከተከራዩበት ቤት ወጥተዋል፣ ታክሲ እምቢ ብሏቸዋል። የእኛው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ በይሉኝታ የተሸፈነ ነው። በይሉኝታ መጣ ማለት ግን አያምም ማለት አይደለም።

ሞት ሲመጣ ደግሞ ባሰ። ወሎ ውስጥ ሬሳ ብቻውን አይቀበርም። ቅሬው ይጠራራል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ይሸኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቀባሪው በቁጥር ነበር። አካል የማጠቡ፣ የመገነዙ፣ የከፈኑ ነገር ሁሉ ጥንቃቄ ገባበት። ይህንን ለቤተሰብ የሚነግረው ማን ነው? ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛውን ለማዳን ሲታገል ያደረው ባለሙያ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ መመሪያውን ማን እንዳወጣው አይጠይቅም፤ ፊቱ የቆመውን ሰው ነው የሚያየው። ለማዳን የተማረ ሰው ከልካይ ሆኖ ቆመ። ሰዎች ለዚያ ባለሙያ ያላቸው እምነት በዚያች ቅጽበት የተሰነጠቀባቸው ቤቶች አሉ፤ እስካሁንም የሚያወሩት አሉ።

እሺ፣ ያኔ ያ ሁሉ ሆነ። ለምን አሁን ድረስ ይቆያል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ምክንያት ስለሚመጣ መዛል ያወጣው ትርጓሜ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በሥራ ቦታ ያለ ጫና ለረጅም ጊዜ መላ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ በሦስት ነገር ይታወቃል። ሰውየው አቅሙ ይሟጠጣል። ከሥራው ይርቃል፣ ይሰለቻል፣ ነገሩን በንቀት ማየት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ምንም ብሠራ ለውጥ የለውም ይላል። ድርጅቱ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም። የሥራ ቦታ ችግር ነው ያለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው። ሰውየውን «ራስህን አክም» ከማለት በፊት ሥራ ቦታውን ማየት አለብን ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምልክት አስተውሉ። በሩ ላይ ያ ኮስታራ ፊት እሱ ነው። በሽተኛውን እንደ ሰው ካየው፣ ቢሞትበት እንደገና ይጎዳል። ስለዚህ እንደ ካርድ ቁጥር ማየት ይጀምራል። ሆን ብሎ አይደለም። ይህንን የምለው በሽተኛ ላይ መጮህ ልክ ነው ለማለት አይደለም፤ ልክ አይደለም። የት እንደጀመረ ለማሳየት ነው።

መዛሉ ከወረርሽኙ እንደሚተርፍ ደግሞ ከኮሮና በፊትም ይታወቅ ነበር። ሳርስ የሚባለው የኮሮና ዘመድ በ2003 እ.ኤ.አ. ካናዳ ቶሮንቶ ገብቶ ነበር። በዓለም ከተያዙት ሰዎች አንድ አምስተኛው ያህል የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በሽታው በወራት ውስጥ ጠፋ። አንድ ሁለት ዓመት ቆይተው ተመራማሪዎች የቶሮንቶ ሠራተኞችን ሲጠይቁ፣ ሳርስ ያከሙ ሆስፒታሎች ሠራተኞች ካላከሙት ይልቅ የዛሉና የተጨነቁ ሆነው ተገኙ። ያ ለጥቂት ወራት ለቆየ በሽታ ነው። ሰላም ባለበት ከተማ፣ ደመወዝ በወጉ በሚከፈልበት አገር።

ወሎስ? ወሎ ለማረፍ ጊዜ አላገኘም። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ አንበጣ መጣ፤ ያ ለገበሬው ነው ቢባልም፣ የነርሷ አባት ገበሬ ነው። ከዚያ ጦርነቱ። በነሐሴ 2013 ወልድያ፣ በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። ብዙ ባለሙያ ልጁን ይዞ ሸሸ፤ በሽተኛ ጥሎ አልሄድም ብሎ የቀረም ነበር። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ስለ ውሳኔያቸው ያስባሉ። በኅዳር መጨረሻ ደሴ ስትመለስ ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ዕቃው ተሰባብሮ ነበር የተገኘው። በኮሮና ጊዜ ስንት ለምነን አገኘነው የሚሉት መሣሪያ ሁሉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት አለ፤ አምቡላንስ የሚያልፍበት መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም።

ሳያርፍ በየዓመቱ የሚታረስ ማሳ ማዳበሪያ ብትጨምርለትም አንድ ቀን እምቢ ይላል። የወሎ ጤና ሠራተኛም ከ2012 ጀምሮ አላረፈም።

እንግዲህ ምን ይረዳል? የማይረዳውን ልጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚደረገው እሱ ነው። ሠራተኛውን አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ «የደረሰባችሁን ሁሉ ተናገሩ» ማለት ይወደዳል። አበል አለው፣ ሻይ ቡና አለው። ጥናቶች ግን ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ በግድ የሚደረግ እንዲህ ያለ የአንድ ጊዜ ንግግር ከጭንቀት ሕመም እንደማያድን፣ አንዳንዱን ሰው ደግሞ እንደሚያባብስበት አሳይተዋል። ቁስሉን ከፍቶ ሳያሽግ የሚሄድ ሰው ምን ይጠቅማል? መናገር የፈለገ በፈለገበት ጊዜ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ይናገር። ያልፈለገ ይተው።

ሁለተኛው የማይረዳው «ጀግኖቻችን» ነው። ጭብጨባው ደስ ይላል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን ጀግና የተባለ ሰው ደክሞኛል ለማለት ያፍራል። የጀግና ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። በግንቦት 2017 በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ ብዙ ሰው ገርሞት ነበር። ከ2012 ጀምሮ የተጠራቀመውን ያየ ሰው አይገርመውም። ሥራ ማቆሙን የተቃወመም የደገፈም አለ፤ ጥያቄው ከየት መጣ የሚለው ላይ ግን ብዙ የሚያከራክር ነገር አይታየኝም።

የሚረዳው እጅግ ተራ ነገር ነው። የተራ ፕሮግራም ሳይዛባ ቀድሞ መለጠፍ። የዲዩቲ ክፍያ በወሩ መክፈል። ጓንትና ማስክ ሳይለምኑ ማግኘት። ከባድ ክፍል የሠራውን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቀለል ያለ ክፍል ማዘዋወር። ሞት በበዛበት ሌሊት ማግስት አለቃ ቢሮው ጠርቶ ሪፖርት ከመጠየቁ በፊት «እንዴት አደራችሁ?» ማለቱ። አትሳቁ፤ ስለ ጤና ሠራተኞች የተጻፉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ነው። የቅርብ አለቃው ከጎኔ ነው ብሎ የሚያምን ሠራተኛ ይበልጥ ይቋቋማል። እና ብዙ ቦታ ሠራተኞች ራሳቸው የጀመሩት አለ፤ ከማታ ዲዩቲ በኋላ አብሮ ቡና መጠጣት። ሰፈር የዘጋውን በር እዚያው ግቢ ውስጥ ከፈቱት።

ለእኛ ለታካሚዎችና ለጎረቤቶችስ? ሐኪም ቤት ስንሄድ ቁጣን መታገስ ግዴታችን አይደለም፤ ቅሬታ ማቅረቢያ አለ፣ ማቅረብ መብት ነው። ግን ሐዘን የደረሰበትን የሆስፒታል ሠራተኛ ቅሬው እንደ ማንኛውም ሰው ሄዶ ጠይቆታል ወይ? በኮሮና ጊዜ የሞተ ወላጁን በወጉ ያላለቀሰ ባለሙያ ብዙ ነው። ዓመቱን፣ ተዝካሩን፣ ሰደቃውን ምክንያት አድርጎ ዛሬም መሄድ ይቻላል።

ይህንን የምታነቡት ጤና ሠራተኞች ከሆናችሁ ደግሞ፣ ለሌላው የምትነግሩትን ለራሳችሁም ልንገራችሁ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከከፋችሁ፣ ምንም ነገር ካላስደሰታችሁ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ያ ሌሊት ሳትፈልጉት እየመጣ ከአንድ ወር በላይ የሚያባንናችሁ ከሆነ፣ የዚያን ክፍል በር ላለማየት ዞራችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ እሱም ስም ያለው፣ የሚታከም ነገር ነው። መኖር ያስጠላው ሰው ደግሞ ነገን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር። መድኃኒትም አለው፣ ንግግር ሕክምናም አለው። እንቅልፍ ለማምጣት ከፋርማሲው ቁም ሣጥን ለራስ ማዘዝ ግን ሕክምና አይደለም፤ ታውቁታላችሁ።

አንድ የሚያግድ ነገር አለ፤ ኀፍረቱ። ባለሙያው ራሱ በሚሠራበት ሆስፒታል የአእምሮ ክሊኒክ መታየት አይፈልግም። ካርዱን የምታወጣው ባልደረባው ናት፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው የሻይ ጓደኛው ነው። ይህንን ለመፍታት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የደሴው ኮምቦልቻ፣ የወልድያው ደሴ ሄዶ እንዲታይ ሆስፒታሎቹ ቢስማሙ፣ ካርዱ ላይም በስም ፋንታ ቁጥር ቢጻፍ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚኒባስ መንገድ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።